ግማሽ ጂኖማችን «ቆሻሻ» ነው? ስለ ዘላይ ጂኖች፣ ስለ እንግዴ ልጅ እና ስለ ላሟ

መምህር_ዘደሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዛሬ ስለ ዲኤንኤ ሳስተምር አንድ ተማሪ መልስ አሳጣኝ።

ያልኩት ይህን ነው። በሰው ጂኖም፣ ማለትም በሙሉው ዲኤንኤያችን ውስጥ፣ ፕሮቲን የሚሠራው ክፍል ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከቦታ ቦታ እየዘለለ ራሱን ያባዛ ቅደም ተከተል ነው። እኔ ስማር «ቆሻሻ ዲኤንኤ» ይባል ነበር። ያንኑ ደገምኩት።

ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ቆሻሻ ከሆነ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተጣለም?» አለኝ።

ሐሙስ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። የባርባራ መክሊንቶክን የበቆሎ ታሪክ አውቃለሁ። ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበትን የበቆሎ ፍሬ እያየች፣ ነጠብጣቡ የሚመጣው ከቀለም ጂኑ ውስጥ አንድ ነገር ዘልሎ ሲወጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ደረሰችበት። ኖቤል የተሰጣት ግን በ1983 ነው፤ 81 ዓመት ሆኗት። እስከዚህ ድረስ አለሁ። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ በአጥቢ እንስሳት ላይ፣ እነዚህ ነገሮች ምን እንደሠሩ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ኮድ_ፈቺ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

መምህር፣ እንደምን አመሹ። እኔ ውዬ የማመሸው የአይጥ ዲኤንኤ ሳነብ ነው። ያነሱት ነገር የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ።

መጀመሪያ እነማን እንደሆኑ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሰው ጂኖም ረቂቅ ሲወጣ 45 ከመቶ ያህሉ የዘላይ ጂኖች ቅሪት ሆኖ ተገኘ። ትልቁን ቦታ የያዘው ኤል 1 የሚባለው ነው። ሙሉው 6 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነው። አዘላለሉ እንዲህ ነው። ዲኤንኤው ተነብቦ አር ኤን ኤ የሚባል ቅጂ ይወጣለታል። ከቅጂው ሁለት ፕሮቲኖች ይሠራሉ። አንደኛው ቅጂውን አቅፎ ይይዘዋል። ሁለተኛው ባለ ሁለት ሙያ ነው፤ ዲኤንኤውን ይቆርጣል፣ በቆረጠበት ቦታ ደግሞ አር ኤን ኤውን መልሶ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል። ዋናው ካለበት አይነቃነቅም። ሌላ ቦታ የሚተከለው ቅጂው ነው። ስለዚህ በዘለለ ቁጥር ይበዛል።

በእኛ ውስጥ 500 ሺህ ያህል የኤል 1 ቅጂ አለ። ከጂኖማችን 17 ከመቶ ይሆናል። አብዛኛው ግን ስብርባሪ ነው። ግልበጣው መሀል ላይ እየተቋረጠ ቁራጩ ብቻ ይገባል። ዛሬም መዝለል የሚችሉት በአንድ ሰው ውስጥ ከ80 እስከ 100 ቢሆኑ ነው።

ሁለተኛው «አሉ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው መሀሉን ከሚቆርጠው ኢንዛይም ስም ነው። 300 ፊደል ብቻ ነው። የራሱ ፕሮቲን የለውም። የኤል 1ን መሣሪያ ተውሶ ነው የሚዘለው። በተውሶ መሣሪያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቅጂ አፍርቷል። አሉ ያለው በእኛ፣ በዝንጀሮና በጦጣ ወገን ብቻ ነው።

ሦስተኛዎቹ የጥንት ሬትሮቫይረስ ቅሪቶች ናቸው፤ 8 ከመቶ ያህል። ሬትሮቫይረስ ራሱን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ በያዘው ህዋስ ዲኤንኤ ውስጥ የሚተክል ቫይረስ ነው። ቫይረስ በተለምዶ ሳንባን ወይም ደምን ይይዛል። የዘር ፍሬ ወይም እንቁላል የሚሆነውን ህዋስ ከያዘ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚወለደው ልጅ በእያንዳንዱ ህዋሱ ውስጥ ይዞት ይወለዳል። ለልጅ ልጅም ያወርሰዋል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ለምን አልተጣለም?

እንክርዳድን ያስቡ። ማሳው ላይ የሚበቅለው ገበሬው ፈልጎት አይደለም። ፍሬው ከስንዴው ፍሬ ጋር ይታጨዳል፣ አብሮ ጎተራ ይገባል፣ አብሮ ይዘራል። ዘላይ ጂንም እንደዚያ ነው። ወደ ልጅ በሚያልፈው ህዋስ ውስጥ ከተባዛ፣ ለባለቤቱ ቢጠቅምም ባይጠቅምም ወደሚቀጥለው ትውልድ ይሻገራል። ባለቤቱን እስካልገደለ ድረስ። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት ጽሑፎች አንድ ላይ አወጡት። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፍራንሲስ ክሪክ ነው፤ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ።

መጣሉም ቢሆን በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም። ዲኤንኤ ከቦታው የሚጠፋው በድንገተኛ ስህተት ነው። 300 ፊደል የማይረባ ጽሑፍ ተሸክሞ መኖር ደግሞ ለአንድ እንስሳ ሸክሙ ኢምንት ነው። የተፈጥሮ ምርጫ ኢምንቷን አያያትም። የሕዝብ ቁጥራቸው ትንሽ በሆነ እንስሳት ዘንድ፣ ማለትም በአብዛኞቹ አጥቢዎች ዘንድ፣ ጭራሽ አያያትም።

ዘወትር_ምስጋና
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ወንድሜ፣ በትሕትና አንድ ነገር ላንሳ። ፈጣሪ በከንቱ ያኖረው ነገር አለ ብዬ አላምንም። ሳይንሱም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤንኮድ በሚባለው ትልቅ ጥናት 80 ከመቶው ጂኖም ሥራ አለው ብሎ ነበር። ታዲያ «የማይረባ» ማለት ከየት መጣ?

ኮድ_ፈቺ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጥያቄህን አከብራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያነሳው ነው። ኤንኮድ «ሥራ» ያለው በጣም ሰፊ ትርጉም ነው። አንድ ፕሮቲን ለአፍታ የተለጠፈበት፣ ወይም ትንሽ አር ኤን ኤ የወጣበት ቦታ ሁሉ ሥራ አለው ተብሎ ተቆጠረ። ብዙ የዘርፉ ሰዎች ወዲያው ተቃወሙት። ቢጠፋ ምን ይጎድላል የሚለው አልተጠየቀም አሉ።

እኔን የሚያሳምነኝ ሽንኩርት ነው። የሽንኩርት ጂኖም 16 ቢሊዮን ፊደል ገደማ ነው። የሰው 3 ቢሊዮን። ሁሉም ፊደል አስፈላጊ ከሆነ ለሽንኩርት የእኛን አምስት እጥፍ ምን አስፈለገው? ልዩነቱ በአብዛኛው የዘላይ ጂኖች ብዛት ነው። እምነትህን ይህ አይነካውም ባይ ነኝ። እኔ የምናገረው እነዚህ ቅደም ተከተሎች እንዴት እንደበዙ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ሥራ ይዘዋል፤ ያም ሥራ ትንሽ የሚባል አይደለም። ነገ እመለስበታለሁ።

ሲስተር_ማ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ከአዳር ወጥቼ ነው የምጽፈው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ 11 ዓመት ሠርቻለሁ።

እንግዴ ልጅ ወጣ ተብሎ ዝም ብሎ አይጣልም። ትሪ ላይ እንዘረጋዋለን። የረጋውን ደም እናጥባለን። በእናት በኩል ያለውን ፊት ወደ ላይ አድርገን፣ ክፍልፋዮቹ እርስ በርሳቸው መግጠማቸውን በጣት እያስጠጋን እናያለን። አንዱ ከጎደለ ማሕፀን ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ እናትየው ልትደማ ትችላለች። ከዚያ እንገለብጠዋለን። በልጁ በኩል ያለው ፊት ያብረቀርቃል፤ የደም ሥሮቹ ከእትብቱ ተነስተው እንደ ዛፍ ሥር ይዘረጋሉ። እትብቱ ውስጥ ሦስት የደም ሥር መኖሩን እናረጋግጣለን። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሥጋ ነው። ዛሬ ሌሊት ብቻ አራቱን አየሁ።

አንድ ሥልጠና ላይ «እንግዴ ልጅ የተሠራው በቫይረስ ጂን ነው» ሲባል ሰምቼ አልተዋጠልኝም። እውነት ነው?

ኮድ_ፈቺ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ሲስተር፣ ትሪው ላይ የሚያዩት ሥጋ እናት በኩል ያለውን ፊት ያስቡት። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሆነ ነገር ነው አይደል? እያንዳንዷን ቅርንጫፍ የሚሸፍን፣ ከእናት ደም ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ አንድ ስስ ሽፋን አለ። ተዘርግቶ ቢለካ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ነው። የሚገርመው፣ በውስጡ ድንበር የለም። ብዙ ህዋሳት ግድግዳቸውን አፍርሰው አንድ ሆነዋል። ብዙ ኒውክለስ ያለው አንድ ትልቅ ህዋስ ነው። ክፍተት ስለሌለው የእናት የመከላከያ ህዋሳት ሾልከው ለማለፍ ይቸገራሉ። ምግብና ኦክስጅን ግን ያልፋል።

እንግዲህ ሁለት ህዋስ ግድግዳ አፍርሶ አንድ እንዲሆን የሚያደርግ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ይህን ከድሮ ጀምሮ የሚችል ማነው? ቫይረስ። ወደ ህዋስ የሚገባው ልባሱን ከህዋሱ ሽፋን ጋር እያዋሃደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሲንሲቲን 1 የሚባል ጂን ተገኘ። 7ኛው ክሮሞሶማችን ላይ ነው ያለው። የአንድ ጥንታዊ ሬትሮቫይረስ የልባስ ጂን ነው። የዚያ ቫይረስ ሌሎች ጂኖች ተበላሽተው ሞተዋል። ይህቺ አንዷ ብቻ ደህና ሆና ቀረች። የምትሠራውም እንግዴ ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሲስተር፣ የሰሙት እውነት ነው። «ሙሉ በሙሉ በቫይረስ ተሠራ» ማለት ግን ይበዛል። እንግዴ ልጅ ብዙ ጂን የሚሳተፍበት ሥራ ነው። ሽፋኑን የሚያዋህደው ጂን ነው ከቫይረስ የመጣው።

አይጥም ሲንሲቲን አላት። የእሷ ግን ከሌላ ቫይረስ የመጣ ነው። በፈረንሳይ የቲየሪ ሃይድማን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ከአይጥ ላይ አንዷን አጠፋት። ፅንሶቹ በእርግዝናው አጋማሽ ሞቱ። ከዚያ ውሻና ድመት ተፈተሹ፤ የራሳቸው አላቸው፣ ከሌላ ቫይረስ። ጥንቸልም። ላምና በግም። አንድ ዓይነት ሥራ፣ በየቤቱ ከተለያየ ቫይረስ የተያዘ ጂን። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናት በኩልም ሌላ ታሪክ አለ። ማሕፀን ፅንሱን ሲቀበል ውስጠኛው ግድግዳ ይለወጣል፤ ሲስተር ከእኔ በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በዚያ ጊዜ ከሚበሩት ጂኖች ብዙዎቹ አጠገብ ሜር 20 የሚባል ዘላይ ጂን ቅሪት አለ። እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያገለግላል። ለፕሮጄስትሮን ሆርሞን መልስ የሚሰጡ ምልክቶችን ተሸክሞ ነው የተበተነው። አንድ ዘላይ ጂን በጂኖሙ ሁሉ ሲበተን አንድ ዓይነት ማብሪያ በብዙ ጂኖች ደጃፍ ይተከላል። ከዚያ ብዙ ጂኖች በአንድ ትእዛዝ ሊበሩ ይችላሉ።

ሲስተር_ማ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡40

ገባኝ። ዛሬ ማታ ትሪው ላይ ሳየው ሌላ ነገር ሊመስለኝ ነው። ስለ ላሟ ያልከው ግን ጥያቄ ጫረብኝ። የላም እንግዴ ልጅ ከሰው ጋር አይመሳሰልም ይባላል።

የላም_ሐኪም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

ሲስተር፣ አይመሳሰልም። የላም እንግዴ ልጅ አንድ ጠፍጣፋ ሥጋ አይደለም። በሽፋኑ ላይ እንደ ቁልፍ የተበተኑ እብጠቶች አሉት። እያንዳንዱ ማሕፀን ላይ ካለ ጓዱ ጋር ተቆልፎ ይቆያል። ላሟ በወለደች በ12 ሰዓት ውስጥ እንግዴ ልጁን ካልጣለች ነው እኔ የምጠራው።

ስለ ላም አንድ ነገር ልጨምር፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንብቤው ከራሴ አልወጣም ያለ ነው። ከላም ጂኖም ሩብ ያህሉ ቦቭቢ ከሚባል ዘላይ ጂንና ከእሱ ከተፈለፈሉት የመጣ ነው። «ቦቭ» ከላቲኑ የከብት ስም የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘውም በከብት ነው። ቀጥሎ የስሎቬኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እባብ ላይ አገኙት። ያውም በጣም ተመሳሳይ የሆነውን። ሰው ላይ የለም። ፈረስ ላይ አለ፣ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ላምና እባብ የጋራ አያታቸው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው የኖረው። ከዚያ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሰውም፣ አይጥም፣ ውሻም በያዙት ነበር። በእባቡና በላሟ መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ መሆን ነበረበት። ስለዚህ በውርስ አልመጣም። ከጎን ተሻገረ።

በምን? እ.ኤ.አ. በ2013 የአውስትራሊያ አደሌድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በእባብና በእንሽላሊት ላይ የሚጣበቁ መዥገሮችን መረመረ። መዥገሮቹ ውስጥም ቦቭቢ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ መዥገር ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ከአንዱ ደም ይመጣል፣ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። እኔ በየቀኑ ከላም ጡት ሥር መዥገር የምነቅል ሰው ነኝ። መዥገር የሚያመጣውን በሽታ ነበር የምፈራው። የላሟን የዘር መጽሐፍ ሩብ የጻፈ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም።

ተማሪ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ዶክተር፣ ታዲያ ላም ከእባብ ጋር ዘመድ ናት ማለት ነው? ሥጋዋስ ችግር የለውም?

የላም_ሐኪም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡44

የለም ልጄ። ዝምድና አልጨመረላትም። በአስር ሚሊዮኖች ከሚቆጠር ዓመት በፊት የገባ አንድ ቁራጭ ጽሑፍ ነው፤ ራሱን እያባዛ ሄደ። ሥጋውን ያለ ሐሳብ ብላ። የምንበላው ዲኤንኤ ሆዳችን ውስጥ ይፈጫል።

የጣና_ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ዝምድና ከተነሳ የእኔን ስሙኝ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ እያየን ነው ያደግነው። ማታ ማታ ወደ ሣሩ ሲወጡ ድምፃቸው ይሰማል። ሁላችንም የአሳማ ዘመድ ነው እንል ነበር። ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይሉ ነበር።

የጉማሬ የቅርብ ዘመድ ግን ዓሣ ነባሪ ነው። ይህን አስረግጠው ካሳዩት አንዱ የጃፓኑ የኖሪሂሮ ኦካዳ ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1999። መሣሪያቸው ዘላይ ጂን ነበር።

ነገሩን በብራና መጽሐፍ ልንገራችሁ። ሁለት የዳዊት ብራና አላችሁ እንበል። ሁለቱም ላይ አንድ ጸሐፊ አንዲት ሐረግ በስህተት ሁለት ጊዜ ጽፏታል። ያውም በዚያው መዝሙር፣ በዚያው መስመር ላይ። ሁለት ጸሐፊዎች ሳይተዋወቁ ይህን ስህተት አይሠሩትም። ሁለቱም ከአንድ እናት መጽሐፍ ተቀድተዋል ትላላችሁ። ዘላይ ጂንም 3 ቢሊዮን ፊደል ውስጥ በዘፈቀደ አንዲት ቦታ ይገባል። ጉማሬና ዓሣ ነባሪ በዚያችው ቦታ ያንኑ ይዘው ተገኙ። አሳማና ግመል ቦታው ባዶ ነው። ስለዚህ ከአሳማ ከተለዩ በኋላ ጉማሬና ዓሣ ነባሪ አንድ አያት ነበራቸው።

መምህር፣ ይህን ለልጆቹ ይንገሩልኝ። ምንም ሥራ የሌለው ቁራጭ እንኳ ታሪክ ይመሰክራል።

እናት_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ስለ ሳይንስ ብዙ አላውቅም። ግን የሚመለከተኝ ነገር ስላለ ነው።

ልጄ ሄሞፊሊያ አለበት። ያወቅነው በ8ኛው ቀን ሲገረዝ ነው። ደሙ አልቆም አለ። ጨርቅ እየቀየርን አደርን። አሁን 6 ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ካበጠ ቀኑን ሙሉ አይራመድም። በሽታው በእናት በኩል ነው የሚመጣው ሲባል የባለቤቴ ዘመዶች ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። በእኛ ቤት ግን እስከ ቅድመ አያቴ ድረስ እንዲህ የደማ ወንድ የለም። እነዚህ የምትሏቸው ነገሮች እንዲህ ዓይነት በሽታ ያመጣሉ?

ኮድ_ፈቺ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡25

እህቴ፣ እግዜር ልጅሽን ይማርልሽ። በጥንቃቄ ልመልስልሽ።

አዎ፣ አንዳንዴ ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ የነበረው ሄግ ካዛዚያን 240 የሄሞፊሊያ ኤ ታማሚዎችን መረመረ። በሁለቱ ላይ ኤል 1 ዘልሎ፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ፋክተር 8 የተባለ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን መሀል ገብቶ ተገኘ። ወላጆቻቸው ላይ አልነበረም። አዲስ የገባ ነው። ኤል 1 በሰው ውስጥ ዛሬም እንደሚዘል የታወቀው በእነዚያ ሁለት ልጆች ነው። በኋላ አንደኛው ከየት ተነስቶ እንደዘለለ ሲፈለግ 22ኛው ክሮሞሶም ላይ ምንጩ ተገኘ።

ከ240 ሁለት ጥቂት ነው። የልጅሽ ምክንያት ይህ ነው አልልሽም፤ ሌሎች በጣም የበዙ ምክንያቶች አሉ። አንቺን የሚመለከተው ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ከሄሞፊሊያ ኤ ታማሚዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት ማንም የሌለበት ነው። በቤታችሁ ታማሚ አለመኖሩ የተለመደ እንጂ የሚያጠራጥር ነገር አይደለም። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ወንድ ልጅ ከእናቱ ይወስደዋል። ለውጡ ግን እንቁላሏ ሲሠራ የተፈጠረ፣ ወይም እሷ ራሷ ከአባቷ የዘር ፍሬ የወሰደችው ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው አድርጎት አይደለም፤ ማንም ሊከለክለውም አይችልም ነበር።

ሌላ ልጅ ካሰባችሁ፣ ወይም እህቶች ካሉሽ፣ ተሸካሚ መሆናችሁን የሚለይ ምርመራ አለ። የደም ሐኪሙን ጠይቂው።

እናት_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡41

ይህን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ለእናቱም ነገ አነብላታለሁ አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ።

ሲስተር_ማ
ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡10

እህቴ፣ እህት ወይም አክስት ካረገዘች ለአዋላጇ አስቀድማ እንድትናገር አድርጊ። ወንድ ከተወለደ ሳይመረመር አይገረዝ። ይህን አደራ።

ተማሪ_ነኝ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00

እንዲህ የሚጎዱ ከሆነ ታዲያ ሁሉም ለምን ዝም ብለው አይዘሉም? ማን ነው የሚይዛቸው?

ኮድ_ፈቺ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ህዋሱ ያስራቸዋል። ዋናው ማሰሪያ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ነው። ዲኤንኤው ላይ ይለጠፍና እንዳይነበብ ያደርገዋል። የትኛው እንደሚታሰር የሚለዩ ፕሮቲኖችም አሉ፤ በሰው ውስጥ ከ300 በላይ። አዲስ ዘላይ ጂን ሲመጣ እሱን የሚያውቅ አዲስ ፕሮቲን ቀስ እያለ ይፈጠራል። ዘላዩ ይለወጥና ያመልጣል። እንደገና ይከተለዋል። በአጥቢዎች ውስጥ ይህ ሩጫ አላቆመም።

ማሰሪያው በዓይን የሚታይበት አንድ አይጥ አለ። አጉቲ ይባላል። አንድ ዘላይ ጂን ከፀጉር ቀለም ጂን አጠገብ ገብቶበታል። ሜቲል ከታሰረበት አይጡ ቡናማና ቀጭን ነው። ካልታሰረ ቢጫና ወፍራም ይሆናል። የአንድ እናት ልጆች፣ ዲኤንኤያቸው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ተኝተው አንዱ ቢጫ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ደግሞ ዝንጉርጉር ሆኖ ታያለህ። እ.ኤ.አ. በ2003 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ለእርጉዝ እናቶቹ ፎሊክ አሲድና ቢ12 የመሳሰሉ ሜቲል ሰጪ ምግቦች ሲጨመሩላቸው ቡናማ የሆኑ ልጆች በዙ።

ስለ በሽታ መከላከያም አንድ ነገር ልበልህ። ፀረ እንግዳ አካላት የሚሠሩት የጂን ቁርጥራጮች ተቆርጠው በተለያየ መንገድ እየተቀጠሉ ነው። ቆራጮቹ ራግ 1 እና ራግ 2 ይባላሉ። የመጡትም ቆርጦ ከሚለጥፍ ጥንታዊ ዘላይ ጂን ነው። ጉንፋን ይዞህ ከዳንክ ከእነሱ የተነሳ ነው ማለት ይቻላል።

ጅራትም አለ። ጭላዳ ጅራት አላት፣ እኛ የለንም፣ ጎሪላም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ «አሉ» ቲቢኤክስቲ የሚባል ጂን ውስጥ መግባቱን አሳየ። ከጎኑ ካለ ሌላ አሉ ጋር ተጣጥፎ የጂኑ አንድ ክፍል ሳይነበብ እንዲዘለል ያደርጋል። ተመሳሳይ ለውጥ የተደረገባቸው አይጦች ጅራታቸው አጠረ፣ አንዳንዶቹም ያለ ጅራት ተወለዱ።

መምህር_ዘደሴ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ክፍል ገብቼ መጀመሪያ «ሰኞ ያልኩት ስህተት ነበረበት» አልኳቸው። እንክርዳዱን፣ ብራናውን፣ የሲስተርን ትሪ ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ እናቷ አዋላጅ ነች፤ ስለ ትሪው የተባለው ትክክል ነው ብላ መሰከረች። ጥያቄ ጠያቂው ልጅ እስከ መጨረሻው ዝም አለ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ መጣና «አሁንም እየገባ ያለ አለ? ወይስ ሁሉም ድሮ ነው?» አለኝ። እኔም ወደ እናንተ አመጣሁት።

ኮድ_ፈቺ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ኳላ በምትባለው እንስሳ ላይ። የኳላ ሬትሮቫይረስ አሁን፣ በዘመናችን፣ ወደ ዘር መስመራቸው፣ ማለትም ወደ ልጅ በሚያልፉት ህዋሳት ውስጥ፣ እየገባ ነው። በሰሜን በኩዊንስላንድ ያሉት ኳላዎች ሁሉም ማለት ይቻላል በጂኖማቸው ይዘውት ይወለዳሉ። ወደ ደቡብ ሲወረድ እየቀነሰ ይሄዳል። በደም ካንሰር ብዙ ይሞታሉ። የኳላ ህዋሳት ቫይረሱን ማሰር መጀመራቸውም ታይቷል። እኛ ውስጥ ያለው 8 ከመቶ ሲገባ ምን ይመስል እንደነበር እዚያ ማየት ይቻላል።

የላም_ሐኪም
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ሌሊት አንዲት ላም ወልዳ ተጠርቼ ነበር። እኔ ስደርስ እንግዴ ልጁን በራሷ ጥላዋለች፤ ልትበላውም ጀምራ ነበር። ባለቤቱ ልጅ በፋኖስ አበራልኝና ሣር ላይ ዘርግቼ ቁልፎቹን ቆጠርኩ። 84 ሆኑ። ትልቁ መዳፌን ይሞላል፣ ትንሹ ባቄላ ያክላል። ሲስተር፣ እንደ እናንተ ጎዶሎ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ቁልፎቹ ላይ ነው የጥጃዋ ህዋሳት ከላሟ ማሕፀን ህዋሳት ጋር የሚዋሃዱት። የላምና የበግ ሲንሲቲን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተገኘው፣ የሚሠራው እነዚያ ላይ ነው። ጥጃዋ ሴት ናት፣ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ከመሄዴ በፊት ቆማ ጠባች።